ሙሚንን ለልጆች በአማርኛ ማንበብ፦ ከየትኛው መጽሐፍ ይጀመር? ስሞቹስ ምን ይባሉ?

ወለተ_ሰሜን ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የቱቬ ያንሶንን የሙሚን መጻሕፍት ማታ ማታ ለልጆች ማንበብ ልጀምር ነው፤ ሙሚኖች ባለ ትልቅ አፍንጫ ትሮሎች፣ ማለት የሰሜን አገር ተረት ፍጡራን ናቸው። ያለነው ስቶክሆልም ስለሆነ መጽሐፉ በስዊድንኛ ነው፤ እኔ ግን ገጹን እያየሁ የምነግራቸው በአማርኛ ነው። ትንሹ 5 ዓመቱ፣ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ሙሚንን በደንብ የምታውቁ ሰዎች እነዚህን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከየትኛው ልጀምር? በታተሙበት ቅደም ተከተል ሂጂ የሚለኝ አለ፣ ስለ ጠንቋዩ ባርኔጣ የሚተርከውን አስቀድሚ የሚለኝም አለ። ለትንሹ የሚያስፈሩትስ የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛው የስሞቹ ነገር ነው፦ ተጓዡን ስኑስሙምሪከንን፣ የምታቀዘቅዘውን ሞራንን፣ ትንሿን ቁጡ ሊላ ሚን በአማርኛ ምን ብዬ ልጥራቸው? ክረምቱን፣ በጋውን፣ ኖቬምበሩንስ? ደግሞ አንድ ግራ ያጋባን ነገር አለ። አሜሪካ ያሉት የአጎታቸው ልጆች የጅራታሙን ኮከብ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብበውታል። እነሱ «ዝንጀሮ አለች» ይላሉ፤ የእኛ ቅጂ ላይ ያለችው ግን ድመት ናት። ስህተቱ የማን ነው?

የመደርደሪያው_ሰው መለሰ፦

ከድመቷ ልነሣ እህቴ። ስህተት የለም፤ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው። ያንሶን የጅራታሙን ኮከብ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ነው ያወጣችው። በ1946 «ኮሜትያክተን» ብላ አሳተመችው፣ በ1956 አሻሻለችው፣ በ1968 ደግሞ እንደገና ሠርታ «ኮሜተን ኮመር» አለችው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቀድሞው ጽሑፍ የሙሚንትሮል ጓደኛ ስኒፍ የሚወዳጃት እንስሳ የሐር ዝንጀሮ ነበረች፤ በ1968ቱ ትንሽ ድመት ሆነች። እንግሊዝኛው በ1951 የተተረጎመው ከቀድሞው ጽሑፍ ስለሆነ ዝንጀሮዋ እዚያ እንዳለች ቀረች። የሙሚን አባት የሕይወት ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፦ በ1950 «ሙሚንፓፓንስ ብራቫደር» ሆኖ ወጣ፣ በ1968 ተሻሽሎ «ሙሚንፓፓንስ ሜሞአረር» ተባለ፤ የ1952ቱ እንግሊዝኛ የያዘው የቀድሞውን ነው። ልጆቹ ከአሜሪካዎቹ ጋር በስልክ እያወሩ እኩል እንዲሄዱ ከፈለግሽ በእነዚህ በሁለቱ አትጀምሪ።

ጀማሪ መጽሐፍሽ «ትሮልካርለንስ ሃት» ይሁን፤ የ1948ቱ፣ የጠንቋዩ ባርኔጣ። በቅደም ተከተል ሦስተኛ ነው፣ ግን ከፊቱ ያሉትን ሁለቱን ያላነበበ ልጅ ምንም አይጎድልበትም። ሰባት ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ አለው። ባርኔጣው ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ይለወጣል፦ የእንቁላል ቅርፊት የሚጋለቡበት ደመና ይሆናል፣ የወንዝ ውኃ የእንጆሪ ጭማቂ ይሆናል። የ5 ዓመት ልጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ይቀበለዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ሙሚንትሮል ድብብቆሽ ሲጫወት ባርኔጣው ሥር ገብቶ መልኩ የሚለወጥበትና ጓደኞቹ ሁሉ «አናውቅህም» የሚሉት ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግተሽ «ነገ እንቀጥላለን» እንዳትዪ። እናቱ ዓይኑን በደንብ አይታ «ልጄ ነህ» እስክትለው ድረስ አንብቢ። እዚያ የተቋረጠበት ትንሽ ልጅ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጭንቀቱ የሚፈታው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነውና። ምዕራፎቹ እየተረጎሙ ለሚያነብ ሰው ይረዝማሉ፤ አንዱን ምዕራፍ ለሁለት ማታ ማካፈል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ «ፋርሊግ ሚድሶማር» (1954)። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ባሕሩ ሸለቆውን ያጥለቀልቀዋል፣ ቤተሰቡ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ያገኛል፤ ቤቱ ቴአትር ቤት መሆኑን ግን አያውቁም። 9 ዓመቷ ልጅ ከእነሱ ቀድማ ታውቀዋለች፣ ደስታውም እሱ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ስኑስሙምሪከን የክልከላ ሰሌዳዎችን ሁሉ ነቃቅሎ 24 ትናንሽ ልጆችን ነፃ ያወጣል፤ ኋላ ሁሉም ተከትለውት የሚበሉትን ሲጠይቁት የሚገባበትን ጭንቀት ልጆች ይወዱታል። ሦስተኛው «ትሮልቪንተር» (1957) ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀው እሱ ነው። ለትንሹ ልጅ ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ ውብ ጅራት ያለው ሽኮኮ የብርድ እመቤቷን ዓይን አይቶ ደርቆ ይቀራል። ያንሶን ሞቱን አትደብቀውም፣ አንቺም አትዝለዪው። ዘለሽው ቀብሩ ሲመጣ የባሰ ግራ ይገባዋል።

የጅራታሙን ኮከብ መጽሐፍ አራተኛ አድርጊው። ሰማዩ ይቀላል፣ ባሕሩ ይደርቃል፣ የደረቀውን ወለል በእንጨት እግር ነው የሚያቋርጡት። ጫፉ ላይ ሁሉም በሰላም ይተርፋል፣ ነገር ግን ፍርሃቱ ከገጽ ወደ ገጽ እየጨመረ ስለሚሄድ ለ5 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ቀን በብርሃን ይነበብለት።

የአጫጭር ታሪኮቹ መድበል «ዴት ኦሲንሊጋ ባርነት» (1962) ዘጠኝ ታሪክ ስላለው በመጻሕፍቱ መካከል መካከል የሚገባ ነው፤ አንዱ ታሪክ አንድ ወይም ሁለት ማታ ይበቃዋል። «ፓፓን ኦ ሃቬት» (1965) እና «ሴንት ኢ ኖቬምበር» (1970) ለትንሹ አይደሉም፤ የሚያስፈራ ነገር ስላላቸው ሳይሆን የሚሆነው ሁሉ ሰው ልብ ውስጥ ስለሆነ ነው። የ1945ቱ የመጀመሪያው፣ የትናንሽ ትሮሎችና የታላቁ ጎርፍ ታሪክ፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ሲወጣ ጋዜጣ መሸጫ ላይ ነበር የሚሸጠው፣ በስዊድንኛ እንደገና የታተመውም በ1991 ነው። የሙሚኖቹ አፍንጫ እዚያ ላይ ቀጭንና ረዥም ነው። ልጆቹ ሌሎቹን ከወደዱ በኋላ «ድሮ እንዲህ ነበሩ» ብለሽ ብታሳያቸው ይገርማቸዋል፤ በእሱ ጀምረሽ ግን አታባክኚው።

ቤተ መጻሕፍት ስትሄጂ ደግሞ በእኛ ልማድ «ቱቬ» ብለሽ አትፈልጊ፤ መደርደሪያው ላይ በቤተሰብ ስሟ፣ በያንሶን ነው የምትገኘው።

በራፍ_ላይ መለሰች፦

የቋንቋውን ነገር እኔ ልሞክረው። ሙሚንን በቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው በወቅቶቹ ላይ ነው፣ ከስሞቹ በፊት።

«ትሮልቪንተር»ን «የትሮሉ ክረምት» ብሎ መመለስ ይቀላል። ነገር ግን የእኛ ክረምት ከሰኔ 26 የሚገባው ዝናብ፣ ጭቃና ነጎድጓድ ነው፤ የመጽሐፉ ነገር ሁሉ የሚቆመው ደግሞ በዝምታና በደረቅ በረዶ ላይ ነው። ሙሚኖች ሆዳቸውን የጥድ ቅጠል ሞልተው ከኖቬምበር እስከ አፕሪል ይተኛሉ፣ ሙሚንትሮል ብቻውን ይነቃል፣ በረዶ የሚባል ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ «የበረዶ ወራት» በዪ። በቤታችሁ ክረምት ስትሉ የስዊድኑን ብርድ ማለታችሁ ከሆነ ልጆቹ አይሳሳቱም፤ የሚሳሳቱት አገር ቤት ካሉት አያታቸው ጋር «ክረምት ገባ» የሚለውን ሲሰሙ ነው። በጋም ያው ነው። ሚድሶማር የሚውለው በጁን መጨረሻ አካባቢ፣ በእኛ ሰኔ ውስጥ፣ አገር ቤት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ «አደገኛው በጋ» ካልሽው ወቅቱን ገለበጥሽው ማለት ነው። ልጆችሽ ሚድሶማርን ከትምህርት ቤት ያውቁታልና ቃሉን እንዳለ ተይው።

«ሴንት ኢ ኖቬምበር»ን «ኅዳር ሲያልቅ» የሚል ትርጉም ሰምቻለሁ። ቀኑም ስሜቱም አይገጥምም። ኅዳር የሚገባው ኖቬምበር 10 አካባቢ ስለሆነ የኖቬምበር መጨረሻ ገና ኅዳር 21 ነው። ከዚያ ይልቅ የከፋው ሥዕሉ ነው፦ ኅዳር ለእኛ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እህል የሚታጨድበት ወር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ቶሎ የሚመሽ ቀን ነው። ኖቬምበርን ኖቬምበር በዪው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ደስ የሚለው ነገር አማርኛና ስዊድንኛ እዚህ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የታወቀውን ነገር በቃሉ ጫፍ ነው የሚያመለክቱት። «ሄሙለን» ሲሉ ያች የመጨረሻዋ «ን» የእኛ «ኡ» ናት። ሄሙል የአንድ ሰው ስም አይደለም፣ የዘር ስም ነው፤ በየመጽሐፉ የተለያዩ ሄሙሎች አሉ። ስለዚህ «ሄሙሉ»፣ የሌላ ዘር የሆነችውን ሴት ደግሞ «ፊሊፍዮንካዋ» ማለት ትክክል ነው። ሄሙሉ ቀሚስ ይለብሳል፣ ግሡ ግን በወንድ ነው። ልጆቹ «ለምን ቀሚስ ለበሰ?» ካሉ ከአክስቱ የወረሰው ነው።

በዚህ ሥርዓት የማይሄደው ሞራን ብቻ ነው። «ን»ን አውጥተሽ «ሞራ» ወይም «ሞራዋ» ካልሽ የበግ ሞራ ሆነ፤ ልጁ ቤት ውስጥ ሞራ ሲባል የሰማ ከሆነ ይስቃል፣ ግርማዋም ይጠፋል። ሞራን እንዳለች ትቆይ። «ጭራቅ» ማለትም አልስማማም። የእኛ ተረት ጭራቅ ሰው ይበላል፤ ሞራን ማንንም አትበላም። የተቀመጠችበት መሬት በረዶ ይሆናል፣ ሙቀት ፈልጋ ወደ እሳት ትሄዳለች፣ ስትቀመጥበት እሳቱ ይጠፋል። ጭራቅ ካልሻት ልጁ እንድትሞት ይጠብቃል፤ በ1965ቱ መጽሐፍ ሙሚንትሮል ማታ ማታ ፋኖስ ይዞላት የሚሄድበት ምክንያት አይገባውም። በስዊድንኛ ሴት ናትና በአማርኛም «መጣች፣ ተቀመጠች» በዪ። «ትሮል»ንም በጭራቅ አትተኪው።

ሊላ ሚ፦ «ማይ» አይደለችም። የስሟን ፊደል በእንግሊዝኛ ዓይን የሚያይ ሰው እንዲያ ያነበዋል። የግሪኩ ፊደል ስም ነው፣ በሳይንስ ለጥቃቅን መለኪያ የሚያገለግለው፤ ልጅቷም ከሁሉ የምታንስ ናት። የስዊድንኛው ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ «ሚ» ይቀርበዋል፤ «ትንሿ ሚ» በዪያት። ንግግሯን አታለስልሺ። ትንሿ ሚ «እባክህ» አትልም፣ ደግ ስትሆንም በቁጣ ድምፅ ነው።

ስኑስሙምሪከን ለትንሽ ልጅ አፍ ይከብዳል፣ «ስኑፍኪን» የሚለው የእንግሊዝኛው መጠሪያ ይቀላል። ግን ልጆችሽ ትምህርት ቤት የሚሰሙት ስኑስሙምሪከንን ስለሆነ እሱን ብትመርጪ ይሻላል፤ 5 ዓመቱ ልጅ በሁለት ማታ ይለምደዋል።

ሙሚንማማን «ሙሚን እማማ» አትበያት። እማማ ስንል በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ እሷ ገና ጠንካራ፣ ቦርሳዋ ከእጇ የማይለይ እናት ናት። «ሙሚን እማዬ» እና «ሙሚን አባዬ» ይስማማሉ። የአክብሮቱንም ነገር አስቀድመሽ ወስኚ፤ ስዊድንኛው ስለማያስገድድሽ መሃል ላይ ትቀያይሪዋለሽ፣ ልጆቹም ይይዙሻል። ሙሚንትሮል አባቱን «አንተ» ይበለው፤ ያ ቤት ማንም የሚገባበት፣ ማዕረግ የሌለበት ቤት ነው። የሙሚን ቤተሰብ እንግዶቹን ሁሉ «አንተ፣ አንቺ» ቢል ጥሩ ነው። «አንቱ»ን ቆጥበሽ ለሽማግሌው ለኦንከልስክሩት አድርጊው፤ እሱ ዕድሜዬ ብዙ ነው እያለ ክብር የሚፈልግ ነው። «እርስዎ»ን ደግሞ የክልከላ ሰሌዳዎቹን ለሚያስጠብቀው ለፓርኩ ዘበኛ። ያኔ ስኑስሙምሪከን ዘበኛውን «አንተ» ሲለው ልጆቹ ድፍረቱን ያለ ማብራሪያ ይሰሙታል።

ሁለቱ ትናንሽ ፍጡራን ቶፍስላንና ቪፍስላን ሁልጊዜ አብረው ስለሚሄዱ በብዙ ቁጥር «መጡ፣ ሄዱ» ማለት ይበቃል፣ ፆታቸው አያስጨንቅሽም። በቃላቸው ጫፍ ላይ «ስላ» እየጨመሩ የራሳቸውን ቋንቋ ያወራሉ። ስማቸው የመጣው ከቱቬና ከቴአትር አዘጋጇ ከቪቪካ ባንድለር ነው። እዚህ ላይ የወፍ ቋንቋ የምታውቂ ከሆነ በእሱ አናግሪያቸው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝም። ሙሉውን ንግግር ግን አትለውጪ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ሁለት ቃል ብቻ። ከዚያ ካለፈ 5 ዓመቱ ልጅ ታሪኩ ይጠፋዋል።

አንዲት የሰዓት ጉዳይ ልጨምር። የኮከብ ተመልካቹ ፕሮፌሰር ጅራታሙ ኮከብ የሚመታው በ8:42 ነው፣ ምናልባት አራት ሴኮንድ ቢዘገይ ነው ይላል። የምሽት ሰዓት ስለሆነ በእኛ ከምሽቱ 2:42 ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ ለጀመረ ልጅ ግን 8:42 በዪው፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደቂቃ በደቂቃ ነው የሚቆጥረው። የመረጥሽውን እስከ ጫፉ ያዢ።

ወለተ_ሰሜን፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞራንን ልክ «ሞራዋ» ልላት ነበር። አንድ ልጨምር፦ ሥዕሎቹን ለማሳየት ስልክ ላይ ባነበው ምን ይጎድላል? ትንሹ ደግሞ መሣል ይወዳል፣ እሷ የሠራችበትን መንገድ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል?

ጥቁር_ቀለም መለሰ፦

ስልክ ላይ ብዙ ይጎድላል። ያንሶን መጀመሪያ ሠዓሊ ናት። በ1914 ሄልሲንኪ ተወለደች፤ አባቷ ቪክቶር ቀራፂ፣ እናቷ ሲግኔ ሐማርስተን የመጽሐፍ ሥዕልና የፊንላንድ ቴምብር የምትሠራ ነበረች። ቱቬ ራሷ ገና በ15 ዓመቷ «ጋርም» ለተባለው የፖለቲካ ቀልድ መጽሔት መሣል ጀመረች፤ ሙሚንን የሚመስለው ባለ ትልቅ አፍንጫ ፍጡርም በጦርነቱ ዓመታት ከፊርማዋ አጠገብ ብቅ ይል ነበር። ይህን የማነሣው ሥዕሉ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የቱ ሥዕል የትኛው ዓረፍተ ነገር አጠገብ እንደሚቀመጥ ታስብበት ነበር። ስልክ ላይ ፊደሉን ባሰፋሽ ቁጥር ገጹ ይሰበራል፣ ሥዕሉ ከቦታው ይሸሻል፤ አንዳንዴ ገና ያልደረሳችሁበትን አስቀድሞ ያሳያል። ወረቀቱን ያዢ። ስታነቢም ከሥዕሉ በፊት ያለውን አንቀጽ ጨርሺ፣ ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍነሽ ቆዪ፣ ከዚያ ክፈቺው። አስቀድሞ ያየ ልጅ ጆሮው ይዘጋል።

ለ5 ዓመቱ ልጅ «ሁር ጊክ ደ ሴን?» (1952) የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ ፈልጊለት፤ በአማርኛ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ነው። ሙሚንትሮል ወተት ይዞ በጫካ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሚምላን ታናሽ እኅቷ ጠፍታባት ያገኛታል። ገጾቹ ላይ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው የሚቀጥለው ገጽ ቁራጭ ይታያል፣ ስትገልጪው ግን ያየሽው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ጽሑፉ በእጅ የተጻፈና ቤት የሚመታ ነው። ቤት ለመምታት አትጨነቂ፤ ገጹ ሲያልቅ «ከዚያስ?» ብለሽ ቁሚ፣ ልጁ በቀዳዳው አይቶ ይገምት። ከቤተ መጻሕፍት የመጣውን ቅጂ ግን ጣት ሳያስገቡ ይገለጥ፤ የቀዳዳው ጠርዝ ነው መጀመሪያ የሚቀደደው።

ስለ አሠራሩ፦ አብዛኛው የረዣዥም መጻሕፍቱ ሥዕል በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሠራ ነው። ግራጫ ቀለም የለም፤ ጨለማው የሚመጣው ከተደራረቡ ቀጫጭን መስመሮች ነው። «ትሮልቪንተር» ላይ ግን ሌላ መንገድ ጨመረች፦ በጥቁር የተሸፈነ ሰሌዳ ወስዶ ብርሃኑን በስለት መፋቅ። የበረዶው ሌሊት እንዲያ ጥልቅ የሆነው ለዚህ ነው፤ መነሻው ጥቁር ነው፣ ሙሚንትሮል ደግሞ እዚያ መሃል ትንሽ ነጭ ነው። በዚያ መጽሐፍ ባሕር ዳር ባለው መታጠቢያ ቤት የምትኖረው ቱቲኪ የተቀረፀችው የያንሶን የሕይወት አጋር በነበረችው በሕትመት ሠዓሊዋ በቱሊኪ ፒየቲላ ነው፤ ቆቧንና ባለ መስመር ሹራቧን ልጆቹ ይለዩታል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሞከራል። ወፍራም ነጭ ካርቶን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ፤ ቀጭን ወረቀት ሲፋቅ ይቀደዳል። በነጭ ሻማ ወይም በነጭ የሰም እርሳስ ደጋግመሽ አሺው፣ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር። ሰሙ ያልደረሰበት ቦታ ቀለሙን ይጠጣል፣ በኋላ ስትፍቂው ነጭ ሳይሆን ግራጫ ይወጣል። ካርቶኑን ወደ መብራት አዘንብለሽ እዪው፤ የሚያብረቀርቀው ሰም የነካው ነው። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር የልጆች ቀለም ላይ ሦስት አራት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪ። ሳሙናው ከሌለ ቀለሙ ሰሙ ላይ እንደ ውኃ ዶቃ ይሰበሰባል። በሰፊ ብሩሽ በስሱ ቀቢ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ በስሱ ድገሚ። አንዴ በወፍራሙ ከተቀባ ሲፋቅ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይነሣል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን አሳድሪው።

በማግስቱ ለትንሹ ቀለም ያለቀበት እስክሪብቶ፣ ለትልቋ የጥርስ መፋቂያ እንጨት ስጪ። «ሙሚንን ሣሉ» ካልሻቸው ሆዱን በሙሉ ፍቀው ነጭ እንቁላል ያደርጉታል። «ጨረቃዋ የት ናት?» ብለሽ ጀምሪ። ጨረቃዋ በቀኝ ከሆነች የሆዱ ቀኝ ጠርዝ፣ የአፍንጫው ቀኝ፣ የበረዶው ክምር ቀኝ ብቻ ይፋቃል፤ የቀረው ጥቁር ሆኖ ይቆይ። የተፋቀ አይመለስምና በትንሹ ይጀመር።

ሁለት_ፋኖስ መለሰች፦

ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስለ 1970ው መጽሐፍ ግን አንድ ልጨምር። 9 ዓመቷ ልጅ «ሴንት ኢ ኖቬምበር»ን ትችላለች፤ ቅድሚያ አንድ ነገር ከተነገራት። በመጽሐፉ ውስጥ የሙሚን ቤተሰብ አንድም ገጽ ላይ አይመጣም። ስድስት እንግዶች ባዶው ቤት ውስጥ ሆነው ይጠብቋቸዋል። ይህን ያልተነገረ ልጅ «መቼ ነው የሚመጡት?» እያለ እስከ መጨረሻው ይጠብቅና ይናደዳል። የተነገረው ልጅ ግን እንግዶቹን ማየት ይጀምራል። የያንሶን እናት የሞተችው መጽሐፉ በወጣበት በ1970 ነው፤ ትልልቆቹ አንባቢዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፣ ለልጅ ግን አያስፈልግም።

ልጆቹ በቴሌቪዥን ያዩትን ይዘው «ስቲንኪ የት አለ?» ማለታቸው አይቀርም። እሱ ከጋዜጣው ተከታታይ ሥዕል የመጣ ነው፣ በረዣዥሞቹ መጻሕፍት የለም። የጋዜጣው ሥዕል በለንደኑ «ኢቭኒንግ ኒውስ» ሴፕቴምበር 20 ቀን 1954 ጀመረ። ያንሶን እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ሠራችው፣ ከዚያ ወንድሟ ላርስ እስከ 1975 ቀጠለው። ቀልዱ ለትልቅ ሰው ነው፤ ለትልቋ ልጅ ግን ሥዕሉን ለማየት ብቻ ይጠቅማል፤ በሣጥኖቹ መካከል ያለውን መለያ መስመር ተመልከቱት፣ አንዳንዴ ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴ አካፋ፣ አንዳንዴ ገመድ ነው።

ከመድበሉ ደግሞ «የማትታየዋ ልጅ» ከሁሉ አስቀድማ ትነበብ። ርዕሱ በስዊድንኛ ፆታ የለውም፣ በአማርኛ ግን መምረጥ አለብን፤ ኒኒ ሴት ናትና «የማትታየዋ» ነው። ያሳደገቻት ሴት ቀዝቃዛ ስለሆነች ደብዝዛ ጠፍታለች፣ ያለችበት የሚታወቀው በአንገቷ ባለው ቃጭል ነው። እያነበብሽ ቁልፍ ወይም ትንሽ ደወል በእጅሽ ያዢ፣ ኒኒ በተንቀሳቀሰች ቁጥር አንዴ አሰሚ። መጀመሪያ እግሮቿ ይታያሉ፤ ፊቷ የሚወጣው መጨረሻ፣ ተቆጥታ የሙሚን አባዬን ጅራት ስትነክስ ነው። እዚያ ላይ ደወሉን አስቀምጪው።

የመድበሉን የመጨረሻ ታሪክ፣ «ግራነን»ን (የጥድ ዛፉ)፣ ለዲሴምበር አቆዪው። ቢጫ ጓንት ያደረገ ሄሙል ሙሚኖቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ገና እየመጣ ነው ይላቸዋል። ገና ምን እንደሆነ አያውቁም። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ፣ ዛፍ ሲቆርጥ፣ ምግብ ሲሠራ አይተው አንድ ክፉ ነገር እየመጣ ነው ብለው ይፈራሉ፤ ዛፉን አስጊጠው ምግቡንና ስጦታውን ውጭ ያስቀምጡለትና ጠረጴዛ ሥር ይደበቃሉ። በአማርኛ ይህ ታሪክ ከስዊድንኛውም የተሻለ የሚሆንበት ምክንያት አለ፦ ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። ሄሙሉን «ገና እየመጣ ነው!» አስብዪው፣ ከዚያ ትንሽ ቆመሽ ሙሚን አባዬን «ገና ከሆነማ ጊዜ አለን» አስብዪው። በዓሉን አስቀድመሽ አታብራሪ፤ ልጆቹ ያውቁታል፣ ሙሚኖቹ ግን አያውቁም። አንዴ በስዊድኖቹ ዋዜማ በዲሴምበር 24፣ አንዴ ደግሞ በታኅሣሥ 28 ማታ አንብቢላቸው።